ሦስተኛው ቀለም

ወረቀት ላይ ጥቂት ነጥቦች አስቀምጡ። አንዳንዶቹን በመስመር አገናኙ። አሁን ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም ስጡት። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ በመስመር የተገናኙ ሁለት ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም አይይዙም። በስንት ቀለም ትጨርሳላችሁ?

ጥያቄው ይሄው ነው። ለትንሽ ልጅ ብትነግሩት ይገባዋል፤ ወዲያው እርሳስ አንስቶ ይጀምራል። እኔ ግን ከሒሳብና ከኮምፒዩተር ሳይንስ ጥያቄዎች ሁሉ የዚህን ያህል ልቤን የወሰደው የለም። ሌላ ነገር እያሰብኩ እንኳ እጄ ሳላዘው ወረቀት ጠርዝ ላይ ነጥብና መስመር ይስላል።

የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? ቀለሙ ሁለት ሲሆን ጥያቄውን ልጅ ይሠራዋል። ኮምፒዩተር ደግሞ ሚሊዮን ነጥብ ብትሰጡት በቅጽበት ይጨርሰዋል። አንድ ቀለም ጨምሩና ሦስት አድርጉት። ያኔ ሁሌም፣ በማንኛውም ግራፍ (እንዲህ ያለው የነጥብና የመስመር ሥዕል ስሙ ነው) ላይ፣ ፈጥኖ መልስ የሚሰጥ መንገድ እስከ ዛሬ ማንም አላገኘም። በሁለትና በሦስት መካከል ምን ተፈጠረ? ይሄን ነው ዛሬ ላወራላችሁ የምፈልገው።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፈተና መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ይወቀውም አይወቀውም ግራፍ እየቀባ ነው። እያንዳንዱ ፈተና ነጥብ ነው። ሁለት ፈተናዎችን የሚወስድ አንድ ተማሪ እንኳ ካለ በመካከላቸው መስመር ይሰመራል። ቀለሞቹ የፈተና ሰዓቶች ናቸው። ሱዶኩም ያው ነው፤ 81 ነጥብ፣ እያንዳንዱ ነጥብ 20 ጎረቤት (በመስመር የተገናኘው ነጥብ)፣ ዘጠኝ ቀለም፣ ጥቂት ነጥቦች ደግሞ አስቀድመው ተቀብተው የመጡ። የጻፋችሁትን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለርም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ፕሮሰሰሩ ያሉት ሬጂስተሮች፣ የሚሠራባቸውን ዋጋዎች የሚይዝባቸው ቦታዎች፣ ጥቂት ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚፈለጉ ሁለት ዋጋዎች ደግሞ አንድ ሬጂስተር ሊጋሩ አይችሉም። ግሬጎሪ ቻይቲንና የአይቢኤም ባልደረቦቹ ይሄን የቀለም ጥያቄ አድርገው በ1981 አሳተሙት።

ወደ ሁለቱ ቀለሞች እንመለስ። ቀይና ሰማያዊ ይሁኑ። አንድ ነጥብ ምረጡና ቀይ ቀቡት። ጎረቤቶቹ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናሉ፤ ሌላ አማራጭ የላቸውም። የጎረቤቶቹ ጎረቤቶች ደግሞ ቀይ። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እጃችሁ ይቀባል እንጂ አእምሯችሁ የሚወስነው አንድም ነገር የለም። የመጀመሪያው ነጥብ ሰማያዊ ቢሆን ኖሮ እንኳ ቀለሞቹ ቦታ ይለዋወጡ ነበር እንጂ መልሱ አይቀየርም። ስለዚህ ወይ በሰላም ትጨርሳላችሁ፣ ወይ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀለም ይጋጫሉ።

ከተጋጩ ምክንያቱ እጃችሁ ላይ ነው። ከግጭቱ ተነስታችሁ ዱካውን ወደ ኋላ ብትከተሉ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ነጥቦች የሠሩት ዙር ታገኛላችሁ፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ነጥብ ያለው። አምስት ነጥብ ክብ ሠርታችሁ ሞክሩት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፤ አምስተኛው ላይ ስትደርሱ በአንድ ጎኑ ቀይ፣ በሌላ ጎኑ ሰማያዊ ይዞታል። አለቀ። ግራፍ በሁለት ቀለም የማይቀባው እንዲህ ያለ ጎዶሎ ዙር ሲኖረው ብቻ ነው። ሌላ ምክንያት የለም።

ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መልሱ "ይቻላል" ከሆነ የተቀባውን ግራፍ ታሳያላችሁ። "አይቻልም" ከሆነም ጎዶሎውን ዙር ታሳያላችሁ። የተጠራጠረ ሰው ሁለቱንም በዓይኑ አይቶ ያምናል።

አሁን አረንጓዴን ጨምሩ። የመጀመሪያውን ነጥብ ቀይ ቀባችሁ። ጎረቤቱስ? ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። አሁን መምረጥ አለባችሁ። የመረጣችሁት ልክ ይሁን አይሁን ደግሞ ወዲያው አይነግራችሁም። አርባ ነጥብ ከቀባችሁ በኋላ አንዱ ነጥብ ላይ ሦስቱም ቀለሞች ከበውት ታገኙታላችሁ። ጥፋቱ የትኛው ምርጫ ላይ ነበር? ሦስተኛው ነጥብ ላይ? ሃያ ሰባተኛው ላይ? ወይስ ግራፉ ራሱ ከመጀመሪያውም በሦስት ቀለም የማይቀባ ነው? ያንን የሚነግራችሁ ዱካ የለም።

ሁሉንም አማራጭ እንሞክር ካላችሁ፣ ለ100 ነጥብ የሚኖረው የአቀባብ ብዛት 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በርግጥ ከዚህ በጣም የተሻሉ ብልሃቶች አሉ። ሪቻርድ ቤይግልና ዴቪድ ኤፕስታይን በ2005 ያሳተሙት ዘዴ ሥራው በእያንዳንዱ ተጨማሪ ነጥብ በ1.3289 እጥፍ ብቻ እንዲያድግ ያደርጋል። ለ100 ነጥብ ይሄ ወደ 2 ትሪሊዮን ገደማ እርምጃ ነው፤ ለዛሬ ኮምፒዩተር የሚቻል ነገር ነው። ለ1000 ነጥብ ግን ያው ተመልሶ ገደል ነው። ዕድገቱ እጥፍ በእጥፍ እስከሆነ ድረስ ፈጣን ማሽን ብትገዙ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው የምትጨምሩት።

በ1972 ሪቻርድ ካርፕ 21 ጥያቄዎችን ሰብስቦ ሁሉም በአንድ ገመድ የታሰሩ መሆናቸውን አሳየ። ግራፍን በተሰጠ የቀለም ብዛት መቀባት አንዱ ነበር። በዓመቱ ላሪ ስቶክማየር ሦስት ቀለም ብቻ እንኳ ሲሆን ችግሩ ያው እንደሆነ አረጋገጠ። እነዚህ ጥያቄዎች ኤንፒ-ኮምፕሊት ይባላሉ። ትርጉሙ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው የተቀባ ግራፍ ቢሰጣችሁ ልክ መሆኑን ማየት ቀላል ነው፤ መስመሮቹን አንድ በአንድ ማየት ነው። መልሱን ራሳችሁ ፈልጉት ስትባሉ ግን ሌላ ነው። ከእነዚህ ጥያቄዎች ለአንዱ ፈጣን መንገድ ከተገኘ ለሁሉም ተገኘ ማለት ነው። አይገኝም ብሎ ያረጋገጠም የለም። አብዛኞቹ የዘርፉ ሰዎች አይገኝም ብለው ያምናሉ፤ እኔም እንደዚያው።

"ታስረዋል" ሲባል ግን እንዴት ነው የታሰሩት? ይሄን ጉዳይ ከጠርዝ ሆኖ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ያልፈዋል። እኔ ደግሞ ውበቱ በሙሉ ያለው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ እርሳስ ያዙና አብረን እንሥራው።

ሦስት ነጥብ እርስ በርስ አገናኙ። ሶስት ማዕዘን ሆነች። ሦስቱ ነጥቦች የግድ ሦስት የተለያየ ቀለም ይይዛሉ። የአንዱን ነጥብ ቀለም "እውነት" እንበለው፣ የሁለተኛውን "ሐሰት"፣ የሦስተኛውን "መሠረት"። አሁን ሁለት አዳዲስ ነጥቦች ጨምሩ፤ እርስ በርስ ይገናኙ፣ ሁለቱም ከመሠረት ጋር ይገናኙ። መሠረትን መያዝ አይችሉም፣ አንድ ዓይነትም መሆን አይችሉም። ስለዚህ አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ሐሰት ነው። አንድ ሐሳብና ተቃራኒው ማለት ነው። ቀለም ብቻ ተጠቅመን "አይደለም" የሚለውን ሎጂክ ሠራን።

ቀጥሎ "ወይም" ይመጣል። ሀ እና ለ የሚባሉ፣ እውነት ወይም ሐሰት የሆኑ ሁለት ነጥቦች አሉን እንበል። አዲስ ሶስት ማዕዘን ሥሩ። አንዱን ጫፍ ከሀ ጋር፣ ሁለተኛውን ከለ ጋር አገናኙ። ሦስተኛው ጫፍ ውጤቱ ነው። ሀም ለም ሐሰት ከሆኑስ? ሁለቱ ጫፎች ሐሰትን መንካት አይችሉም፤ ስለዚህ እውነትንና መሠረትን ይከፋፈላሉ። ለውጤቱ የሚተርፈው ሐሰት ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ እውነት ከሆነ ግን፣ ከእሱ ጋር የተገናኘው ጫፍ ሐሰትን ይወስዳል፣ ሌላው ጫፍ መሠረትን ይይዛል፣ ውጤቱም እውነት መሆን ይችላል። ሁሉንም አጋጣሚ በእርሳስ ሞክሩት፤ ይሠራል።

አሁን ውጤቱን ከሐሰትም ከመሠረትም ጋር አገናኙት። የግድ እውነት መሆን አለበት። በዚህ መንገድ "ሀ ወይም ለ እውነት ይሁን" የሚል ትእዛዝ ግራፍ ውስጥ ጻፋችሁ ማለት ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሶስት ማዕዘኖች ብትቀጥሉ ለሦስት ሐሳብ ይሆናል። በሺዎች የሚቆጠሩ ትእዛዞችን አንድ ግራፍ ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ። ያ ግራፍ በሦስት ቀለም የሚቀባው ትእዛዞቹ በሙሉ አንድ ላይ መከበር ሲችሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ግራፍ በሦስት ቀለም ፈጥኖ መቀባት የሚችል ሰው ማንኛውንም የሎጂክ እንቆቅልሽ ፈጥኖ ይፈታል።

ይሄ በገባኝ ጊዜ ለሦስት ቀለም ያለኝ አመለካከት ተለወጠ። በሁለት ቀለም ግራፍ ማስተላለፍ ብቻ ነው የሚችለው፤ ይሄ ቀይ ከሆነ ያኛው ሰማያዊ ነው፣ በቃ። ሦስተኛው ቀለም ሲመጣ ግራፉ ማሰብ የቻለ ያህል ነው። ችግሩ ነጥቦቹ መብዛታቸው ወይም እኛ መስነፋችን አይደለም። እያንዳንዱ ነጥብ የሚመርጠው ነገር ስላገኘ ነው።

ታዲያ ቀለም በበዛ ቁጥር ችግሩ እየከፋ ይሄዳል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ካርታዎችን ተመልከቱ። በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ መስመሮቹ ሳይቆራረጡ የሚሳል ግራፍ ካርታ ነው በሉት፤ ነጥቦቹ አገሮች፣ መስመሮቹ ድንበር ናቸው። በ1852 ፍራንሲስ ጉትሪ የእንግሊዝን አውራጃዎች ካርታ ሲቀባ አራት ቀለም እንደሚበቃ አስተዋለ። ሁሌም ይበቃል ወይ? ጥያቄው በወንድሙ በኩል ለሒሳብ ሊቁ ለዲ ሞርጋን ደረሰ። አልፍሬድ ኬምፕ በ1879 ማረጋገጫ አወጣ። ፐርሲ ሄውድ በ1890 ማረጋገጫው ላይ ስንጥቅ አገኘበት፤ አምስት ቀለም እንደሚበቃ ግን ከዚያው ሐሳብ አውጥቶ አረጋገጠ። አራቱን በ1976 ኬነት አፔልና ቮልፍጋንግ ሃከን ዘጉት፤ ከ1000 ሰዓት በላይ የኮምፒዩተር ሥራ ፈጅቶ። ብዙዎች ያኔ ቅር ተሰኙ፤ ሰው ቁጭ ብሎ አንብቦ የማይጨርሰው ማረጋገጫ ምን ዓይነት ማረጋገጫ ነው ብለው። በ2005 ደግሞ ዦርዥ ጎንቲየር ኮክ በሚባል ማረጋገጫ ፈታሽ ሶፍትዌር ሙሉውን አስፈተሸው።

እንግዲህ ካርታ ላይ ምን እንዳለ እዩ። "በአራት ቀለም ይቀባል ወይ?" ብትሉኝ ካርታውን ሳላየው አዎ እላችኋለሁ። "በሁለትስ?" ብትሉኝ ቅድም ባየነው መንገድ ወዲያው እነግራችኋለሁ። "በሦስትስ?" ካላችሁኝ ግን ኤንፒ-ኮምፕሊት ነው። አፔልና ሃከን አራቱን በዘጉበት በዚያው በ1976፣ ጋሪ፣ ጆንሰንና ስቶክማየር ሌላ ነገር አሳተሙ፤ እያንዳንዱ አገር ቢበዛ አራት ጎረቤት ብቻ ያለው ካርታ እንኳ ቢሆን በሦስት ቀለም መቀባቱን ማወቅ ያው ከባድ ነው። ጎረቤቱን ወደ ሦስት ብታወርዱት ግን ችግሩ ይጠፋል። ብሩክስ በ1941 ባረጋገጠው መሠረት፣ አራት ነጥቦች ሁሉም ከሁሉም ጋር ተገናኝተው ለብቻቸው ካልቆሙ በቀር ሦስት ቀለም ይበቃል። ክብደቱ ጫፍ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ ነው ያለው። ከታች ምርጫ የለም፣ ከላይ ምርጫው ተርፎ ይፈሳል። መሃል ላይ ምርጫ አለ፣ ግን አይተርፍም።

ስለ ሶስት ማዕዘን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሎጂኩን የሠራንበት መሣሪያ ሶስት ማዕዘን ነበር። ካርታው ውስጥ አንድም ሶስት ማዕዘን ባይኖርስ? ሄርበርት ግሮች በ1959 መልሱን ሰጠ፤ ሦስት ቀለም ሁሌም ይበቃል። ከካርታ ውጪ ግን ይሄ አይሠራም። ሚቸልስኪ በ1955 አንድም ሶስት ማዕዘን ሳይኖራቸው የፈለጋችሁትን ያህል ቀለም የሚጠይቁ ግራፎች አሠራር አሳይቷል። ኤርዶሽ ደግሞ ግሮች ውጤቱን ባወጣበት በዚያው ዓመት ከዚያ የባሰ ነገር አረጋገጠ። አጭር ዙር የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለባቸው፣ ግን ሺህ ቀለም የማይበቃቸው ግራፎች አሉ። እንዲህ ያለ ግራፍ ውስጥ የትኛውም ነጥብ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ብታዩ፣ የምታዩት ሰፈር በሁለት ቀለም ይቀባል። ሁሉም ቦታ ሰላም ነው። ሁሉም በአንድ ላይ ሲሆን ግን አይሆንም። ስንቀባ የቅርቡን እያየን ነው፤ የግራፉ የቀለም ቁጥር፣ የሚበቃው ትንሹ የቀለም ብዛት፣ ግን ከቅርብ የሚታይ ነገር አይደለም። አረንጓዴውን ስንመርጥ ልክ መሆናችንን ያላወቅነው ለዚህ ነው።

ይሄ ክብደት ለበጎም ውሏል። በ1986 ጎልድራይክ፣ ሚካሊና ዊግደርሰን አንድ ሰው ግራፉን በሦስት ቀለም መቀባት እንደቻለ፣ አቀባቡን ሳያሳይ፣ እንዴት እንደሚያሳምን አወጡ። ቀለሞቹን በዘፈቀደ ስም ይለዋውጣቸዋል፤ ሁሉንም ነጥቦች ይሸፍናል። እናንተ አንድ መስመር ትመርጣላችሁ። የሁለቱን ጫፎች ክዳን ብቻ ያነሳል። ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ታያላችሁ። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ቀለሞቹን እንደገና ይበውዛል፣ እናንተም ሌላ መስመር ትመርጣላችሁ። ውሸታም ከሆነ ቢያንስ አንድ መስመር ላይ ይያዛል፤ ደጋግማችሁ ብትጠይቁት ማምለጫ የለውም። እናንተ ግን ካያችሁት የዘፈቀደ ጥንድ ቀለም ሌላ አንዳች አልተማራችሁም። ሁሉም የኤንፒ ጥያቄ፣ ማለትም መልሱ ቢሰጥ ልክ መሆኑን ማየት ቀላል የሆነ ጥያቄ ሁሉ፣ ወደ ሦስት ቀለም ስለሚቀየር፣ ይሄ መንገድ ለሁሉም ይሆናል።

ትክክለኛውን ቁጥር ማግኘት ካቃተ በትንሽ ስሕተት መቀበልስ? ተግባር ላይ ያሉ ሰዎች የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ቀላሉ ግሪዲ የሚባለው ዘዴ ነው። ነጥቦቹን በተራ ያዟቸው፤ ለእያንዳንዱ ጎረቤቶቹ ካልያዙት ቀለሞች የመጀመሪያውን ስጡት። ብዙ ጊዜ ደህና ይሠራል። ቅደም ተከተሉ ከጠመመ ግን ጉድ ነው። አንድ ሺህ ጥንድ ነጥቦች በሁለት ረድፍ ደርድሩ። ከላይኛው ረድፍ እያንዳንዱን ነጥብ ከታችኛው ረድፍ ነጥቦች ሁሉ ጋር አገናኙ፤ ከራሱ ጥንድ በቀር። ሁለት ቀለም ይበቃል፤ ላይኛው ቀይ፣ ታችኛው ሰማያዊ። ግሪዲ ጥንድ በጥንድ ከሄደ ግን አንድ ሺህ ቀለም ይፈጃል። ሁለት በሚበቃበት ሺህ!

አቪ ዊግደርሰን በ1983 ያሳተመው ብልሃት ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ሁለቱን ቀለሞች መልሶ ስለሚያመጣቸው። 10,000 ነጥብ ያለው ግራፍ አለ፤ በሦስት ቀለም እንደሚቀባ ተነግሮናል፣ አቀባቡን ግን አናውቅም። ቢያንስ 100 ጎረቤት ያለው ነጥብ ፈልጉ። ያ ነጥብ የያዘውን ቀለም ጎረቤቶቹ አይይዙትም። ስለዚህ ጎረቤቶቹ በመካከላቸው በሁለት ቀለም ይቀባሉ ማለት ነው። ሁለት ቀለም ደግሞ እንችላለን! በሁለት አዲስ ቀለም ቀብተን ከግራፉ እናወጣቸዋለን። እያንዳንዱ ዙር ቢያንስ 100 ነጥብ ስለሚያወጣ ከ100 ዙር አያልፍም፤ ቢበዛ 200 ቀለም። የቀሩት ነጥቦች ሁሉም ከ100 ያነሰ ጎረቤት አላቸው፤ ግሪዲ በ100 ቀለም ይጨርሳቸዋል። ጠቅላላው 300 ነው።

ሦስት በሚበቃበት 300 ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ለማንኛውም ግራፍ በዋስትና የተሰጠ ቁጥር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዎች ዋስትናውን እያወረዱት ነው። ዊግደርሰን የነጥቦቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ላይ ነበር፤ ካርገር፣ ሞትዋኒና ሱዳን በ1994 ወደ አራተኛው ሩት አቀረቡት፤ ካዋራባያሺና ቶሩፕ ደግሞ ከአምስተኛው ሩት በጥቂት አሳለፉት።

በሌላው በኩል ግድግዳውም እየቀረበ ነው። በሦስት ቀለም የሚቀባ ግራፍ ተሰጥቶን በአራት ቀለም መቀባት እንኳ ከባድ እንደሆነ በ2000 ታትሟል። በ2019 ቡሊን፣ ክሮኪንና ኦፕርሻል አምስትም ከባድ መሆኑን በአልጀብራ አሳዩ። ማረጋገጫው እዚያ ላይ ይቆማል፤ ለስድስት አይደርስም። አንድ ሚሊዮን ነጥብ ላለው ግራፍ እንግዲህ ዋስትናው ከደርዘን በላይ ቀለም ይጠይቃል፤ ክልከላው ደግሞ አምስት ላይ ቆሟል። ነጥቡ በበዛ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። የእኔ ግምት ማንኛውም ቋሚ ቁጥር አይበቃም የሚል ነው፤ ስድስትም፣ ስድስት መቶም። ስለ ቀለም አዲስ ወረቀት በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ይሄንኑ ነው፤ ስድስቱን የነካ ሰው አለ ወይ?